በደቦ የቆመ ቤት

አድማሴ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ቀድሞ ትክክል ሆኗል፤ እሱም ምንም አልጠቀመው።

በ1964 ዓ.ም. በጋ፣ ድርቅ የሽማግሌ ወሬ በሆነበት ጊዜ፣ ጥንድ በሬዎቹን ወደ ከላላ ከተማ ገበያ ነድቶ ሸጣቸው። በወግዲ መንገድ ያለው የትውልድ መንደሩ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "በሬ ሸጦ ቆርቆሮ የሚገዛ ገበሬ ታየ! ቆርቆሮ ያርስልሃል?" አሉት። በዓመቱ ዝናቡ ቀረ። የሳቁት ሰዎች በሬዎች አንድ ባንድ ሜዳ ላይ ቀሩ፤ የአድማሴ ቆርቆሮ ግን ከመካነ ሰላም ከተማ ዳር እያብረቀረቀ ለሩቅ መንገደኛ ይታይ ነበር። ከዚህ በላይ ብልህነት ከየት ይመጣል? ሰውየው ግን ከብልህነቱ ጠብ ያለለት ነገር የለም። ለምን ጠብ እንዳላለለት ነው እንግዲህ ነገሩ።

ሐሳቡን ያገኘው ከአያ ይማም ነው። አያ ይማም የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴ ነበሩ፤ ከሱቃቸው ጀርባም ለአስተማሪና ለፖሊስ የሚያከራዩአቸው በረድፍ የተሠሩ ክፍሎች ነበሯቸው። አድማሴ ገበያ በወጣ ቁጥር ሱቃቸው ደጅ ቁጭ ይልና፣ እሳቸው ሳያርሱ፣ ሳያርሙ፣ ሰማይ ሳያዩ የወሩ ገቢ እግሩን አንሥቶ ሲመጣላቸው ይመለከታል። አባቱ ሰማይ ሲያይ ኖሮ ሰማይ ሲያይ ነው የሞተ። እሱም ገና ጎልማሳ ሳለ አንገቱ ወደ ላይ መቅናት ጀምሮ ነበር። "ልጆቼ እንኳ ደመና ሳይጠብቁ የሚበሉበት አንድ ነገር ላቁምላቸው" ይላት ነበር ሚስቱን ወርቄን። ያ አንድ ነገር የኪራይ ቤት ሆነ። ቦታ እንደሆን አለው፤ ከእናቱ ወገን የደረሰችው የርስት ቁራጭ ከከተማው ዳር ነች፤ ከወርቄና ከልጆቹ ጋር የሚኖርባት የሣር ጎጆም እዚያው ቆማለች።

"ቤት ማለት ላም ናት" አሉት አያ ይማም፣ የሲኒ አተላ የሚያህል ፈገግታ አሳይተው። "አታርዳትም፣ አትሸጣትም፤ በየወሩ ታልባታለህ። ግን አላለቡን ማወቅ ነው። ለደመወዝተኛ እንጂ ለገበሬ እንዳታከራይ። ገበሬ የሚከፍልህ አዝመራ ሲገባ ነው፤ አዝመራ ደግሞ እንደ አላህ ፈቃድ ነው።"

"እሺ አያ ይማም።"

"ለየክፍሉ በሩን ወደ ውጭ አድርግለት። የውስጥ በር የሚባል ነገር እንዳታስብ። የውስጥ በር ካለ ሰው ይገባባል፣ ከተገባባ ይዛመዳል፤ ከዘመድ ደግሞ ኪራይ የለም።"

አድማሴ ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት ሸመደደው። ተሰናብቶ መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው አያ ይማም ከኋላው የጠሩት።

"አንት ሰው! ዋናውን ረሳሁት። ጉልበት በገንዘብህ ግዛ። አናጢውንም፣ ጭቃ ረጋጩንም ክፈልና ደህና ዋል በለው። ማንም ሰው 'ላቤ እዚህ ቤት ውስጥ አለ' እንዳይልህ።"

"እሺ" አለ አድማሴ። እሺ ማለት ምን ገዶት!

ችግሩ የበሬዎቹ ዋጋ ያለቀው ቆርቆሮው ላይ ነበር። ቆርቆሮው ከደሴ በአጋሰስ ተጭኖ፣ ገደል እያየ መጥቶ ግቢው ሲራገፍ፣ ለምስማር እንኳ ወርቄ ጠላ ሸጣ ካጠራቀመችው ገንዘብ ተበደረ። አናጢ ዋጋ ጠየቀ፤ አድማሴ ራሱን ነቀነቀ። ጎረቤቱ ሁሉ በነፃ በሚሠራበት አገር ለጉልበት ገንዘብ ማውጣት እብደት መሰለው። አያ ይማም የከተማ ሰው ናቸው፣ ደቦ ምን እንደሆነ መች ያውቃሉ አለና፣ መንደሩ ወርዶ ደቦ ጠራ።

መጡ። የሳቁበት ሁሉ መጡ፤ ደቦ ሲጠራ ስቄ ነበር ብሎ የሚቀር የለም። በላይ ከገዛ ማሳው ዳር የቆረጠውን የጽድ ምሰሶ በትከሻው ተሸክሞ አቀበቱን ወጣ። ሐረግ የተባለችው ባሏ የሞተባት ሴት ሴቶቹን አስከትላ ከወንዝ ውኃ ስታመላልስ ዋለች። ሺፋ ጭቃውን ከጭድ ጋር እያቦካ መንዙማውን ሲያንቆረቁር ክርስቲያኑም እስላሙም እየተቀበለ ረገጠ፤ ከዚያ ጣራው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን የመታም እሱ ነው። ለክርስቲያኖቹ አንድ በግ፣ ለእስላሞቹ በሺፋ እጅ የታረደ ሌላ በግ ቀረበ። አራት ክፍል፣ አራት በር፣ ሁሉም ወደ ውጭ። አድማሴ ጠላ እየቀዳ በልቡ በሩን ይቆጥር ነበር።

ማምሻውን የመንደሩ ሽማግሌ አያ አሻግሬ ተነሥተው መረቁ።

"ቤቱን የሰላም ያድርገው። የደከመው ይረፍበት፣ የራበው ይጥገብበት። ደጁን የማይዘጋ ያድርገው!"

"አሜን!" አለ ሰው ሁሉ። ከሁሉ አብልጦ የጮኸው አድማሴ ነበር። የኪራይ ቤት ደጅ የማይዘጋ ከሆነ ምን ዓይነት የኪራይ ቤት እንደሚሆን ያን ጊዜ አላሰበውም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው።

መጀመሪያ ነገሩ አምሮ ነበር። መለሰ የሚባል ወጣት አስተማሪ የፊተኛውን ክፍል ተከራየ። ወር በገባ በልደታ ቀን አድማሴ ነጠላውን አጣፍቶ በሩን ያንኳኳል፤ "እንዴት አደሩ መምህር?" ይላል፤ ኪራዩን ይቀበላል። ያን ቀን ሰማይ ቢጠቁር ባይጠቁር ግድ አልነበረውም፤ እንዲያውም አንድ ቀን ሆን ብሎ መሬት መሬት እያየ ከተማውን ዞረ።

ከዚያ በልጉ ቀረ። ክረምቱም እንደ ሰላምታ ብቻ ነካ አድርጎ አለፈ። ሰዎች በየመንገዱ መታየት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ዕቃቸውን የያዙ፣ ቀጥሎ ልጆቻቸውን ብቻ የያዙ፣ በኋላም እነሱን እንኳ የማይችሉ።

በላይ የመጣ አንድ ማለዳ ነው፣ ከሚስቱ ከፈንታዬና ከሦስት ልጆቹ ጋር። ያን ምሰሶ የተሸከመው ትከሻ ከጋቢው ሥር እንደ ቀንበር ሾሎ ነበር።

"ለሁለት ቀን ነው አያ አድማሴ። ደሴ እርዳታ አለ አሉ፤ እስክንበረታ ነው።"

አድማሴ ምን ይበል? አፉን ሲከፍት በላይ ገብቶ መዳፉን ምሰሶው ላይ አሳረፈ። ይህ የኔ ነው አላለም። ያው የሚያውቀውን እንጨት ዳሰሰ፤ መድረቁንና አለመሰንጠቁን አየና "ጎሽ" አለ። አድማሴ ከዚያ በኋላ ኪራይ የሚል ቃል ከጉሮሮው አልወጣለትም።

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ከዚያ ናስ ነው ይባላል። እነዚህ ናስም አልፈው አፈር ሆኑ፣ አልሄዱም። በላይ መጠጊያ አገኘ ሲባል ሐረግ እናቷን አዝላ መጣች፤ "ውኃውን ያመላለስሁት እኔ አይደለሁም?" አላለችም፤ ግን እንስራዋን ይዛ ነበር የመጣች፣ ያችኑ እንስራ። ሺፋ ሚስቱን ሰብሪያንና ልጆቹን ይዞ ሲመጣ እንዲያውም ሳቀ። "ጣራው ያፈሳል ወይ? ካፈሰሰ እኔ ነኝ ተጠያቂው፤ ሥሩ ልደር" አለ። የርሃብ ሳቅ ነበር፣ ጥርሱ ብቻ ቀርቶ።

መምህር መለሰ ጥቂት ወራት ታገሠና ሣጥኑን አወጣ።

"ኪራዩ በዛ እንዴ? ልቀንስልዎ!" አለ አድማሴ ደንግጦ።

"አልበዛም። እኔ እዚህ እራት እበላለሁ፣ ከግድግዳው ማዶ ሕፃን ያለቅሳል። ይሄ አይቻልም" አለ መለሰ። የቀረችውን ጤፍ ለፈንታዬ ትቶላት ወደ አያ ይማም ክፍሎች ተዛወረ። የአድማሴ ብቸኛ ደመወዝተኛ እንዲህ ሄደ። ባዶ ክፍል ደግሞ ባዶ ሆኖ አያድርም፤ የበላይ እናት መጥተው ገቡበት።

አድማሴ ተቃጠለ። ሰው መቃጠሉን መደበቅ የለበትም፤ የተቃጠለውም ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም። በሬ የለው፤ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ነበር፣ አራሹም ተሰደደ፤ የወርቄ ጠላ እህል ጠፍቶ ቆመ። ልጆቹን የሚያበላው የአያ ይማምን ጨው ጭነት እያወረደ ነው። ከዚያ የሚያገኛትን ደግሞ ያው ለአራት ክፍል ያካፍላታል፤ ወርቄ ቆሎ ቆልታ በበሮቹ ፊት ስታልፍ ለአንዱ ሰጥታ ሌላውን መዝለል አልቻለችም። ከራሱ ቤት ኪራይ ሊቀበል የተነሣ ሰው ለተከራዩ ቀለብ ከፋይ ሆነ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለሱ ነው።

በየልደታው ግን ተስፋ አልቆረጠም። ሌሊቱን ሲያሰላስል ያድራል። "ወንድሜ በላይ፣ ዘመን ከፍቷል፣ ግን እኔም ልጆች አሉኝ፤ ትንሽ ትንሽም ብትሆን..." ብሎ ንግግሩን ያበጃል። ማለዳ በሩ ላይ ይቆማል። "እንዴት አደራችሁ?" ይላል። "እግዜር ይመስገን፣ እንዴት አደርህ?" ይሉታል። ፈንታዬ ልጇን በጭኗ ይዛ ቀና ትልና ታየዋለች። ንግግሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል፣ እዚያም ያልቃል። ሲመለስ ወርቄ ምንም አትጠይቀውም፤ ይህም ያናድደዋል።

አንድ ልደታ ላይ በሩን ሊያንኳኳ ሲል የፈንታዬን ለቅሶ ሰማ። ታናሽየው ልጅ ሌሊት ሞቶ ነበር። አድማሴ ዶማውን አንሥቶ ሄደ፤ በላይ የመቆፈር አቅም አልነበረውምና ጉድጓዱን ብቻውን ማሰ። ሲመለስ ጎጆው ኋላ ሄዶ አለቀሰ። ስለ ኪራይ ማሰቡን ጠላው፤ ራሱንም ጠላ። በሚቀጥለው ልደታ ግን ንዴቱ ተመልሶ መጣ። ሆድ መቼ ያፍራል።

"እንዴት ላስወጣቸው?" አለ አንድ ቀን ለአያ ይማም፣ ጨው ከትከሻው እያራገፈ።

"ምሰሶው የማን ነው?"

"የበላይ።"

"ጭቃውስ?"

"ረግጦ ያቦካው ሺፋ፤ ውኃው የሐረግ።"

"ቆርቆሮው ብቻ ነዋ ያንተ" አሉት። "ቆርቆሮህን ንቀልና ውጣ! ወላሂ አልነገርሁህም? በምክር እንቢ ያለ በመከራ ይመከራል።" ከዚያ ግን ለእነዚያ ልጆች ብለው አንድ ቁና ማሽላ ሰጡት። አድማሴ ማሽላውን ተሸክሞ፣ አመሰግናለሁ ብሎ፣ መንገዱን ሙሉ ሲሳደብ ሄደ።

ዝናብ ተመለሰ። በላይና ሺፋ ግን በሬም ዘርም አልነበራቸውም፤ እየወረዱ በዶማ ይቆፍሩና ማታ ይመለሳሉ። ሁለት ቀን የተባለው ዓመታት ሆነ። ንጉሡ ወረዱ ተባለ፣ ወታደር ያዘ ተባለ፣ መሬት ላራሹ ተባለ። አድማሴ ይህን ሁሉ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ሰማው። በ1967 ሐምሌ ላይ ግን ሬዲዮኑ ስለ ቤት ተናገረ። ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ሰው የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ይኖረዋል፤ ማከራየት ቀረ።

የአያ ይማም ክፍሎች ሁሉ ሄዱ። አድማሴ ሊያጽናናቸው ቢሄድ ሱቃቸው ደጅ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

"አብሽር አትበለኝ" አሉት። "ላሚቱን ከነጥጃዋ ነዷት። አንተስ? ጎጆህን ነው ቆርቆሮውን የምትመርጥ?"

አድማሴ ነገሩ ያን ጊዜ ገባው። የሚኖርበትን ይመርጣል! ቆርቆሮውን ከመረጠ ገብቶ ሊኖርበት ነው፤ ሊኖርበት ከሆነ ደግሞ እነ በላይ ይወጣሉ። በዓመታት ያልወጣለትን ቃል መንግሥት ሊናገርለት ነው። እየሮጠ ሄደ ማለት ይቻላል።

ሰበሰባቸውና ነገራቸው፣ መሬት መሬት እያየ። "አዋጅ ነው። እኔ አይደለሁም። ሰኞ አዲሱ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ቤት ሊመዘግብ ይመጣል። ያን ቀን እዚህ ሰው ካለ ቤቱ ትርፍ ነው ብለው ይወስዱታል።"

ማንም አልተቆጣም። ቢቆጡ በወደደ። በላይ ምሰሶውን አየና "እንሄዳለን። ብዙ ከብደንሃል" አለ። ሰብሪያ ዕቃዋን ለማሰር ተነሣች።

ሐረግ ግን በሮቹን እያየች ቆማ ነበር። "ብንሄድም ይወስዱብሃል እኮ" አለች። "አራት በር፣ አራት ቤት ብለው ነው የሚቆጥሩት። ይሄ የሰው መኖሪያ ይመስላል? ከመኝታህ ወደ ጓዳህ ልትሄድ ዝናብ ላይ ልትወጣ ነው?"

አድማሴ አያ ይማም ያስተማሩትን ሁለተኛውን ትምህርት አስታወሰ። የውስጥ በር።

"ከመሄዳችን በፊት የውስጡን ግድግዳ እናፍርስልህ" አለ በላይ። "ያጠርነው እኛ፣ የምንከፍተውም እኛ። የመጨረሻ ደቦ ይሁንልህ።"

ጊዜ ግን የቀረው እሑድ ብቻ ነበር፤ በእሑድ ደግሞ ክርስቲያን ግድግዳ አይነካም። ሺፋ እጅጌውን ሰበሰበ። "እናንተ ቅዳሴያችሁን ሂዱ፤ የኔ ቀን ዓርብ ነው፣ አልፏል" አለና ከልጆቹ ጋር ጭቃውን ማፍረስ ጀመረ። እነ በላይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ተደርድረው ቆሙ፤ ዶማ ባይነኩም ምክር ያወርዱ ጀመር። "ወደ ግራ ሺፋ! ያንን ቋሚ ተው፣ ተሸካሚ ነው!" "ሰንበት ነው፣ አፋችሁንም አሳርፉት!" አላቸው ሺፋ ከአቧራው ውስጥ። በዚያ ቤት ውስጥ ከልብ የተሳቀው ያን ቀን ነው። አድማሴ ብቻ አልሳቀም። ከአያ ይማም ምክር የጠበቃት ነገር ብትኖር እነዚያ ግድግዳዎች ያለ በር መቆማቸው ነበር፤ አሁን እሷም ፈረሰች።

ሰኞ ማለዳ ወርቄ መኝታውን አስገባች፤ ጎጆው ማድ ቤት ነው ተባለ። እነ በላይ ዕቃቸውን አስረው ደጅ ተቀመጡ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። መምህር መለሰ ነበር። ከከተማው ሰው ሁሉ ለዚህ ቤት ኪራይ የከፈለው አንድ ሰው!

መለሰ ገባ፤ ከክፍል ክፍል በአዲሱ ቀዳዳ ተሻገረ። ጭቃው ገና ትኩስ ነበር። የቀድሞ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ቆመና ወጣ።

"አቶ አድማሴ፣ ቤተሰብዎ ስንት ነው?"

"እኔ፣ ወርቄና ሦስት ልጆች።"

"ለአምስት ሰው ይሄ ሰፊ ነው። ግማሹ ይበቃዎታል፤ በግማሹ ማኅበሩ ቤት የሌለው ሰው ያስገባበታል።" ከዚያ ወደ ታሰሩት ዕቃዎች ዞረ። "እነዚህስ? ተከራዮች ናቸው?"

አድማሴ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እንደ ልደታ ቀን ተዘጋበት።

"ኪራይ ትከፍላላችሁ?" አለ መለሰ በላይን።

"እኔ?" አለ በላይ፣ ጥያቄው በእውነት ገርሞት። "ለተሸከምሁት ምሰሶ?"

"ወላሂ አንድ ሳንቲም ከፍለን አናውቅም" አለ ሺፋ።

"ማርያምን" አለች ሐረግ፣ "ጠይቆንም አያውቅ። በየወሩ ማለዳ እየመጣ እንዴት አደራችሁ ይለናል እንጂ።"

በዚያ ሰሞን በከተማው ስለ ቤት የተማለ መሐላ ሁሉ ውሸት ነበር፤ ይሄ ብቻ እውነት ነው። አድማሴ እውነቱን ቆሞ ሰማ። ያ ሁሉ የተነጠቀው ኪራይ አሁን በሰው ፊት እየተመሰከረለት ነበር። ፈንታዬን አያት፤ ታናሹ ልጇ ይቀመጥበት የነበረው ጭኗ ላይ የታሰረ ድስት ይዛለች። እንግዲህ የት ሊሄዱ ነው? ዝም ቢል ይሄዳሉ፤ ግማሹም ቤት ይሄዳል። ለቤቱ ብሎ ነው ወይስ ለፈንታዬ፣ እሱም ኋላ ሲጠየቅ መለየት አልቻለም።

"ቤተሰቦቼ ናቸው" አለ። "አምስት ያልሁት ተሳስቼ ነው።"

"እስላሞቹም?" አለ አንዱ የማኅበር ሰው።

"ጣራውን የመታው እሱ ነው። ዘመድ እንግዲህ ሌላ ምን ያደርጋል?"

መለሰ ብዕሩን እንደያዘ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አቶ አድማሴ፣ እኔ እዚህ ከፍዬ እንደነበር አልረሳሁም። ለምን እንደወጣሁም አልረሳሁም። ቤተሰብ ብዬ ከጻፍሁ በኋላ ግን ከነዚህ ሰዎች ኪራይ እጠይቃለሁ ቢሉ ወንጀል ነው። እስከ ዕድሜ ልክዎ።"

"ይጻፉት" አለ አድማሴ። እንባ ተናነቀው፤ የደስታ ነው ቢሏችሁ እንዳታምኑ።

ወርቄ ድስቱን ከፈንታዬ እጅ ተቀበለችና መልሳ አስገባችው። በሮቹ ሦስቱ በጭቃ ተመረጉ፤ አንዱ ቀረ፣ ለውስጡ ቀዳዳዎች ግን መዝጊያ የሚሆን ሳንቃ አልተገኘም።

የጥቅምት ልደታ አድማሴ እንደ ልማዱ ማልዶ ነቃ፤ ነጠላውን አጣፍቶ ተነሣ። የሚያንኳኳው በር እንደሌለ ያስታወሰው ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ ያውም የራሱ ቤት ውስጥ። እነ በላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ንፍሮ ይበላሉ። ቀዳዳው ላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩት፣ ቦታም ለቀቁለት።

"እንዴት አደራችሁ?" አለ፤ የሚጨምረውም አልነበረውም።